ሁለት ማርክ

እሷ፦ ቲቸር፣ ስለሚምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት የጻፍኩትን የመጽሐፍ ረቂቅ የሰጠሁዎት እንዲያርሙልኝ ነበር። እርስዎ ግን የመጀመሪያውን ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀይ አጋድመው ሰርዘውታል።

እሳቸው፦ ሥርዝም እርማት ነው፣ ልጄ።

እሷ፦ «ሌስ» እና «ፊወር» እኮ ነው! ውሃ ሲያንስ «ሌስ»፣ ብርጭቆ ሲያንስ «ፊወር»። የማይቆጠረው ለብቻ፣ የሚቆጠረው ለብቻ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

እሳቸው፦ አስተምሬሻለሁ። ማርክም ቀንሼበታለሁ። ድርሰት እንደ ወንዝ የሚያወርድ አንድ ልጅ ነበር፤ «ሌስ ስቱደንትስ» ብሎ ስለ ጻፈ ሁለት ማርክ ቆረጥኩበት። የደንቡን ዘር ማንዘር ያነበብኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ከየት የመጣ ይመስልሻል?

እሷ፦ ከሰዋስው ነዋ።

እሳቸው፦ ከአንድ ሰው ጆሮ። ሮበርት ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1770 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለሚቆጠር ነገር «ፊወር» ማለት የተዋበም የተገባም ሆኖ እንደሚታየው ጻፈ። እንደሚታየው ነው ያለው፤ ሕግ ነው አላለም። ንጉሥ አልፍሬድ በ9ኛው ክፍለ ዘመን «ሌስ»ን ለሚቆጠር ነገር ተጠቅሞበታል፣ ከዚያም በኋላ እንግሊዞች ሲሉት ኖረዋል። የቤከር ምርጫ ውሎ አድሮ ደንብ ሆነ፣ ደንቡ ባሕር ተሻግሮ እኛ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጣ፣ የዚያን ልጅ ሁለት ማርክ በላ።

እሷ፦ ጥንቱ እንዲያ ይሁን። ዛሬ ግን ደንብ ነው። የእንግሊዙ ገበያ ቴስኮ የፈጣን መክፈያው ሰልፍ ላይ «10 ወይም ከዚያ ያነሰ ዕቃ» ለማለት «ሌስ» ብሎ ለጥፎ ሰው ሲነቅፈው ከርሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ለወጠው።

እሳቸው፦ ምን ብሎ?

እሷ፦ «እስከ 10 ዕቃ»።

እሳቸው፦ አየሽ፣ «ፊወር» አላለም! ሁለቱንም ዘሎ አመለጠ። ባለቤቶቹ ዞረው የሚያልፉትን ገደል አንቺ አዲስ መጪውን ሐበሻ ውረድና ውጣ ትይዋለሽ።

እሷ፦ እሺ፣ ይሄ ይቅር። ገጽ 7 ምን አደረገ? «ስቴሽነሪ» በ«ኤ» ፊደል ሲጻፍ የማይነቃነቅ፣ በ«ኢ» ሲጻፍ የጽሕፈት መሣሪያ። አዲስ አበባ ስንት ሱቅ ነው በ«ኤ» ጽፎ የሰቀለው። ፈረንጅ ያነብና ይስቃል።

እሳቸው፦ ይሳቅ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሻጭ ማለት በየመንደሩ እየዞረ የሚቸረችር ነበር። አንድ ቦታ ዳስ ጥሎ የሚቀመጠው፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ መጽሐፍ የሚሸጠው፣ በላቲን «ባለ ቋሚው» ተባለ። ወረቀቱም ብዕሩም ስሙን የወረሰው ከዚያ ሰውዬ ነው። ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። መርካቶ ያለው ባለ ሱቅ ዋሸ አይባልም፤ ሱቁ እንደሆነ ቆሟል። ደግሞ ልብ በይ፣ አሁን እኔና አንቺ በአፋችን ስንለው ልዩነቱ የት አለ? በአማርኛ ፊደል ብትጽፊውስ?

እሷ፦ ቲቸር፣ ይህን ከእርስዎ አፍ መስማቴ ነው የሚገርመኝ። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ካልተጻፈ ፀሐይ መውጣቷ ቀርቶ ሌባ ሆነች ማለት ነው ብለው ሚኒ ሚዲያውን ያስለቀሱ እርስዎ አይደሉም? በአፍ ሲነገር የሠ እና የሰ ልዩነት የት አለ?

እሳቸው፦ እዚያ ላይ አትምጪብኝ።

እሷ፦ ለምን አልመጣም? በሌላ ፊደል ስለ ተጻፈች ፀሐይን ሌባ ናት ብሎ የሚያስር ሰው አለ? ራስዎ አሁን በነገሩኝ ሚዛን መዘንኩት እንጂ።

እሳቸው፦ የግዕዙ ልዩነት የኔ ነው። አባቶቼ በድምፅም ለይተውት ነበር፣ ድምፁ ቢጠፋ ምልክቱን ጠበቅሁ። ለራስ ቤት ደጅ የሚደረገውን ለጎረቤት ቤት ደጅ አድርግ አትበይኝ… ይሁን። ነክተሽኛል። ቀጥይ።

እሷ፦ ገጽ 12 ላይ ሥርዝ የለም፤ ኅዳጉ ላይ ግን «ውሸት!» ብለው ጽፈዋል። እኔ የጻፍኩት የሐበሻ ልጅ «ቦሮው» እና «ሌንድ»ን የሚያምታታው በአማርኛ ልዩነቱ ስለሌለ ነው የሚል ነው።

እሳቸው፦ ውሸት ነዋ! ተዋሰ፣ አዋሰ። ተበደረ፣ አበደረ። ተከራየ፣ አከራየ። በኛ ሰጪና ተቀባይ ከአንድ ግንድ ተነሥተው በመነሻቸው ይለያያሉ፤ «ተ» ስትቀበል፣ «አ» ስትሰጥ። እንግሊዙ ግን ለሁለቱ የማይዛመዱ ሁለት ቃላት አመጣ። ልጁ አንዱን ቃል ይይዝና እንደ አገሩ ሊያገላብጠው ይሞክራል፤ አይገላበጥለትም፤ «ቦሮው ሚ» ብሎ ቁጭ። የልዩነት እጦት አይደለም፣ የሌላ አገር መዝጊያ በራሱ አገር ቁልፍ እየከፈተ ነው። በኪራይማ የሚሳሳተው እንግሊዝኛው ነው። «ቤት ሬንት አደረግሁ» ያለሽ ሰው አከራይ ይሁን ተከራይ በምን ታውቂያለሽ?

እሷ፦ ይሄን እጽፈዋለሁ።

እሳቸው፦ ይሄንም ጻፊ። ጎረቤትሽን «ምጣድ አውሺኝ» ትያታለሽ፣ «አንድ ስኒ ቡና ግን አበድሪኝ» ነው የምትያት። ምጣዱ ራሱ ይመለሳል፣ ቡናው ተጠጥቶ ምትኩ ነው የሚመለሰው። ሮማውያን የሕግ ሊቃውንት ለዚህ ልዩነት ሁለት ስም አውጥተውለታል፤ እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ያልፈዋል። ታዲያ የአማርኛ ተማሪ ፈረንጅ «ምጣድ አበድሪኝ» ቢል እንስቃለን እንጂ ሥራ እንከለክለዋለን?

እሷ፦ ነጥቡ እዚያ ነው፣ ቲቸር። እሱን ሥራ አንከለክለውም። እኛን ይከለክሉናል። አንዲት ልጅ ለቃለ መጠይቅ አዘጋጅቼ ላክኋት፤ አረጋውያን ለመንከባከብ። ለምን ይህን ሥራ ፈለግሽ ሲሏት «አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ» አለች። «እኔ በጣም የምገርም ሰው ነኝ» ማለት ሆነባት። ሳቁባት፣ እሷም አብራ ሳቀች፣ ለምን እንደ ሳቁ ሳታውቅ። ቤት መጥታ ስትረዳው ነው ያለቀሰችው።

እሳቸው፦ ወሰዷት?

እሷ፦ ወሰዷት።

እሳቸው፦ እና?

እሷ፦ እና ምን? ዓመት ሙሉ ስብሰባ ላይ አፏን አልከፈተችም።

እሳቸው፦ ያቺ ልጅ እኮ የተሳሳተችው አማርኛዋ ትክክል ስለሆነ ነው። በኛ «ሰለቸኝ» ነው፤ ያሰለቸኝ ነገር አድራጊ፣ እኔ ተደራጊ። ራበኝ፣ ደከመኝ፣ ገረመኝ። ስሜት መጥቶ ይይዘናል። እንግሊዙ ስሜትን ሰውዬው ላይ ቅጽል አድርጎ ይለጥፈዋል፣ ከዚያ ሁለት መልክ ይሰጥሻል፣ «ቦሪንግ» እና «ቦርድ»፣ ምረጪ ይልሻል። ለአንድ ሰው ይህን በዚህ መንገድ ካስረዳሽው ወዲያው ይገባዋል። አንቺ ግን ምን አደረግሽ? «ይህ ስሕተት ነው፣ ያ ትክክል ነው» የሚል ሠንጠረዥ ሠራሽ። ሠንጠረዥ ያንን ዝምታ ያባብሰዋል። መሳሳትን የሚፈራ ሰው ሲያውቅም አይናገርም።

እሷ፦ ሠንጠረዡን አወጣዋለሁ። ገጽ 31ን ግን አሳልፌ አልሰጥዎትም።

እሳቸው፦ ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው ያደረግሁበት።

እሷ፦ «ፐርሰኪውሽን» እና «ፕሮሰኪውሽን»። አንደኛው በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት መሳደድ። ሁለተኛው ዐቃቤ ሕግ የሚያራምደው ክስ። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ከለላ የሚሰጠው የመጀመሪያውን ለሚፈራ ሰው ነው፤ በተራ ወንጀል ተከሶ የሸሸ ሰው በዚያ ብቻ ስደተኛ አይባልም። እንግዲህ ሰውዬው ሌሊት ከሥራ ተመልሶ፣ የጓደኛውን መዝገበ ቃላት ይዞ፣ የጥገኝነት ማመልከቻውን በራሱ እጅ ሲሞላ ሁለተኛውን ቢጽፍ፣ «አሳደዱኝ» ሊል «ክስ ነበረብኝ» ብሎ ፈረመ ማለት ነው።

እሳቸው፦ ደርሶ ያውቃል?

እሷ፦ የሰው ጉዳይ አላወጣም። ደርሶ ግን ያውቃል።

እሳቸው፦ እሺ። ያ ሰው ጀርባው ላይ ጠባሳ አለ፣ የታሰረበት ወረቀት አለ። ይህን ሁሉ ትቶ በአንዲት ቃል የሚፈርድ ዳኛ ካለ፣ መጽሐፍ የሚያስፈልገው ለዳኛው አይደለም?

እሷ፦ በአንዲት ቃል አይፈርድም። ችግሩ ወዲያ ነው። ወረቀቱ «ክስ» ይላል፣ ሰውዬው በቃሉ ሲጠየቅ «ክስ የለብኝም፣ አሳደው ደበደቡኝ» ይላል። አሁን ሁለት ታሪክ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የአሜሪካ ሕግ ዳኛው የቃል መጋጨትን፣ የጉዳዩን እምብርት ባይነካም እንኳ፣ የተአማኒነት መመዘኛ እንዲያደርገው ይፈቅድለታል። ሰውዬው እንግሊዝኛ ስላነሰው ብቻ ውሸታም መስሎ ይቀርባል።

እሳቸው፦ ታዲያ ይህ የአስተርጓሚ ሙያ ነው፤ የአንቺ። ሰውዬው በአማርኛ ይናገር፣ አንቺ ለይተሽ አስቀምጪ። የሹፌርን ዕውቀት ከተሳፋሪ አትጠብቂ።

እሷ፦ የጥገኝነት ቢሮ ቃለ መጠይቅ ላይ አስተርጓሚ ይዞ መምጣት ያለበት በደንቡ አመልካቹ ራሱ ነው። ማንን ይዞ የሚመጣ ይመስልዎታል? ኮሌጅ የጀመረውን የአክስቱን ልጅ። መጽሐፉ ለዚያ ልጅ ነው።

እሳቸው፦ …ለዚያ ልጅ ከሆነ ጥያቄ ምልክቱን አንሺው። ግን የገጹን ሐተታ አስፊው። ሁለቱም ቃላት የመጡት ከአንድ የላቲን ግሥ ነው፣ «ተከተለ» ከሚለው። አንዱ እስከ መጨረሻው ተከተለ፣ ሌላው ወደ ፊት ተከታተለ። ሌባን የሚከተልም፣ ንጹሕን የሚከተልም፣ ኮቴው አንድ ዓይነት ይሰማል። በኛ ግን እይው፤ ሰደደ፣ ተሰደደ፣ አሳደደ፣ ስደተኛ። «ረፊዩጂ» የተጠለለበትን ቦታ ነው የሚያይ፤ «ስደተኛ» ከኋላው ያለውን አሳዳጅ በጉያው ይዞ ይሄዳል። የምትፈልጊው ምስክርነት ሰውዬው ራሱን በሚጠራበት ስም ውስጥ አለ።

እሷ፦ ነበረ ይበሉ። ዛሬ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት የሄደችውም ስደተኛ፣ በዲቪ ሎተሪ ቤተሰቡን ይዞ የመጣውም ስደተኛ፣ ሱዳን ካምፕ ያለውም ስደተኛ። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ሦስት አራት ክፍል ሠርቷል፣ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ በርና የየራሱ ቅጽ አለው። ከአገር ውጭ ሆኖ ጉዳዩ ተጣርቶ የሚገባው ሌላ፣ ገብቶ ጥገኝነት የሚጠይቀው ሌላ። ሰዎቻችን ግን «ሁላችንም ስደተኛ ነን» ብለው የተሳሳተውን በር ያንኳኳሉ። ውብ ቃል ነው፣ ቲቸር፤ በሩ ላይ ግን አይጠቅምም።

እሳቸው፦ «ደህንነት»ም እንዲሁ ነው። «ሴፍቲ»ም ደህንነት፣ «ሴኩሪቲ»ም ደህንነት። ፋብሪካ ውስጥ «የደህንነት ሠራተኛ መጣ» ሲባል የራስ ቁር የሚያድል ይሁን ስም የሚጽፍ ሳይታወቅ ሰው ዞር ዞር ይላል።

እሷ፦ ይሄንስ አልጽፈውም።

እሳቸው፦ አትጻፊው። ግን ጥያቄዬ እንዳለ ነው። ልዩነቱን ማወቅ አይጠቅምም አላልኩም። ሸክሙን ሁልጊዜ ደካማው ትከሻ ላይ ለምን ትጭኛለሽ ነው የምልሽ።

እሷ፦ ደካማው ትከሻ ላይ እኔ አልጫንኩትም፣ ተጭኖ ነው ያገኘሁት። የአቪያንካ 52ን ያውቃሉ?

እሳቸው፦ የኮሎምቢያውን አውሮፕላን?

እሷ፦ እሱን። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1990፣ ከሜደሊን ወደ ኒው ዮርክ። አየሩ ከፍቶ ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ እንዲዞር ተደረገ። ነዳጁ ሲመናመን ረዳት አብራሪው «ፕራዮሪቲ» ያስፈልገናል አለ፤ ቅድሚያ ማለት ነው። ለእሱ ይህ የጭንቅ ቃል ነበር። ለተቆጣጣሪዎቹ ግን ሁሉን ነገር ከመንገድ የሚያስለቅቀው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ኢመርጀንሲ»። ያን ቃል እስከ መጨረሻው አልሰሙም። ማረፍ ሞክሮ ሳይሳካ ቀረ፣ እንደገና እንዲዞር ተላከ፣ አራቱም ሞተሮች ጠፍተው ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ። ከ158 ሰው 73ቱ ሞቱ። ሲወድቅ እንኳ እሳት አልተነሣም፤ የሚነድ ነዳጅ አልነበረውምና። ይህ የሁለት ቃላት ልዩነት ነው።

እሳቸው፦ አይደለም።

እሷ፦ እንዴት አይደለም?

እሳቸው፦ ዋናው አብራሪ በስፓኝኛ ምን አለው? ድንገተኛ አደጋ ላይ ነን በላቸው አለው። በስፓኝኛ ቃሉ «ኤመርሄንስያ» ነው። ያው ቃል እኮ ነው! ረዳቱ የእንግሊዝኛውን አላወቀውም ልትይኝ ነው? አንደበቱ ላይ ነበረ። ሬዲዮኑን ይዞ ግን እንደገና እንሞክራለን፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብሎ በለሰለሰ ድምፅ አለፈው። ይህን ያደረገው መዝገበ ቃላት አይደለም። ባዕድ ቋንቋ የሚናገር ሰው ባለቤቱ ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር ነው። አንቺ ያዘጋጀሻት ልጅ ስብሰባ ላይ ዝም እንዳለችው።

እሷ፦ ይህ ግማሹ ነው። ምርመራው ላይ የተሰማ ምስክርነት አለ፦ ሠራተኞቹ የሠለጠኑበት ጽሑፍ ነዳጅ ሲያንስ «ፕራዮሪቲ» ጠይቁ የሚል ስለነበር፣ ሁለቱ ቃላት አንድ እንደሆኑ ተደርገው ይወሰዱ ነበር። ስለዚህ ሰውዬው ፈርቶ ብቻ አይደለም ያልተናገረው፤ ተናግሬያለሁ ብሎ ነው። ዝም ያለ ሰው ዝም ማለቱን ያውቃል። ይህኛው አላወቀም።

እሳቸው፦ …ጥሩ አልሽ። ያው ምርመራ ግን ሌላም ነገር ብሏል። የሠራተኞቹን ጥፋት በፊት አስቀምጦ፣ ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ስለ ነዳጅ ማነስ አብራሪውም ተቆጣጣሪውም እኩል የሚረዱት የተወሰነ ቃል አለመኖሩ ነው አለ። ልዩነቱን ተማሩ ብሎ አልቆመም። ቃሉ ራሱ ይስተካከል አለ። የቴነሪፌውንም አስቢ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለት ቦይንግ 747 ማኮብኮቢያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ሆላንዳዊው ረዳት አብራሪ «ቴክ ኦፍ» ላይ ነን ሲል መንደርደር ጀምረናል ማለቱ ነበር፣ ማማው ለመነሣት ተዘጋጅተው ቆመዋል ብሎ ሰማው። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ለመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በሬዲዮ አይጠራም፤ ለሌላው ሁሉ «ዲፓርቸር» ይባላል። ሰውን አላረሙም፣ ቃሉን አረሙ።

እሷ፦ ለማረም ግን በመጀመሪያ ልዩነቱን ያየ ሰው ያስፈልጋል።

እሳቸው፦ ያስፈልጋል። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ። ሚሊዮን ሰው በየቀኑ አይደለም። «ኢንፍላመብል»ን እይው። በእሳት የሚያያዝ ማለት ነው፣ ፊቱ ላይ ያለችው «ኢን» ግን «የማይያያዝ» ታስመስለዋለች። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካ የእሳት አደጋ መከላከያ ማኅበር ምን አደረገ? ሕዝቡን ላቲን አስተምሩ አላለም። «ፍላመብል» በሉ፣ ያቺን «ኢን» ቁረጡ አለ። ዛሬ የቤንዚን ቦቴ ላይ የምታይው እሱን ነው። የሰው ሕይወት በእውነት ሲያሳስባቸው ቃሉን ይቆርጡታል። ተማሩ የሚሉን ሕይወታችን ሲሆን ነው።

እሷ፦ ልክ ነዎት። እና ያ ለኔ መልስ አይሆነኝም። የጥገኝነት ሕጉን ቃል የሚቆርጥልኝ ማነው? ሰውዬው ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ሥርዓቱ እስኪስተካከል ድረስ ገጽ 31ን ከእጁ ልንጠቀው?

እሳቸው፦ አትንጠቂው። ግን የሚጠየቀውን እያስታጠቅሽ ስትኖሪ፣ የሚጠይቀው ምንም ሳይማር ይኖራል። «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ አንድ ጊዜ ደግሞ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የኒው ዮርኩ ተቆጣጣሪ ያቺን ቢጠይቅ ኖሮ! ለእሱ የሚሆነውን መጽሐፍ ማን ይጽፋል?

እሷ፦ እሱ አማርኛ አያነብም።

እሳቸው፦ አያነብም።

እሷ፦ ስለዚህ ለሚያነበው እጽፋለሁ። ሥርዝዎትን ግን ልቆጥረው። ከ60 ገጽ 34 አስወጥተዋል። «ሌስ» እና «ፊወር» ወጣ፣ «ስቴሽነሪ» ወጣ። ሠንጠረዡ ወጣ። 26 ገጽ ብቻ ቀረኝ፣ ቲቸር። ይህ መጽሐፍ አይባልም።

እሳቸው፦ በኪስ ይገባል። ቀጠሮ ላይ የሚሄድ ሰው ትልቅ መጽሐፍ ይዞ አይሄድም።

እሷ፦ ደግሞ አንድ ነገር አለ። «ሌስ» እና «ፊወር»ን አውጥቼ ልጁ ፈተና ላይ ቢመጣበትስ? የሚያርመው የርስዎን ቀይ ያላየ ሌላ ሰው ነው።

እሳቸው፦ …ይመጣበታል። እውነትሽን ነው።

እሷ፦ ታዲያ ልመልሰው?

እሳቸው፦ እኔን አትጠይቂኝ። እኔ የዚያን ልጅ ሁለት ማርክ እስካሁን አልመለስኩም።